ማረፉስ አረፈ፣ መነሣቱስ?

ስለ አገራችን አቪየሽን ከተጻፉት ውስጥ የፈለጋችሁትን ብታገላብጡ መጀመሪያ የምታገኙት ቀን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ አብራሪ ከጅቡቲ ያስነሣትን ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ገፈርሳ ሜዳ ላይ አሳረፋት። ንሥረ ተፈሪ ተባለች። ቀኑ ይታወሳል፣ ይከበራል። ልብ የማይባለው ወሩ ነው። ነሐሴ ነበር፤ ያውም ከባሕር ጠለል 2500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ሁለት ወር ሙሉ ዝናብ የጠጣ ሜዳ። ከጅቡቲ ስትነሣ የባሕር ዳርቻ ወፍራም አየር ክንፏን ተሸክሟታል። ከገፈርሳ ስትነሣ ግን አየሩ የሳሳ፣ መሬቱ የራሰ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎቻችን ያረፈችበትን ሜዳ መዘገቡ፤ የተነሣችበትን ነገር ግን ዝም ብለው አለፉት።

ይህ ዝምታ በአንድ አውሮፕላን አያበቃም። የአየር ታሪካችን በሙሉ የማረፍ ታሪክ ሆኖ ነው የተጻፈው፦ እገሌ መጣ፣ እገሌ ወረደ፣ ሕዝብ ተቀበለ። ደጋ ላይ ግን ችግሩ ከማረፍ ይልቅ መነሣት ነው። ወርዶ መቆም ባመዛኙ የጎማና የፍሬን ጉዳይ ነው። ሲነሣ ግን ሣሩ ባላጋራ ይሆናል፤ ጎማውን ይይዝና ያዘገየዋል። በዚያ ላይ አውሮፕላንን ከምድር የሚያላቅቁት ሦስት ነገሮች፣ ሞተሩ፣ ፕሮፔለሩና ክንፉ፣ አየር ሲሳሳ አንድ ላይ ይደክማሉ። ስለዚህ ትንሽ አውሮፕላን በሰላም ወርዶበት ሊነሣበት የማይችል ሜዳ በሰሜን ደጋችን ሞልቷል። ይህን ያወቁ አብራሪዎች ከመውረዳቸው በፊት ስለ መውጫቸው ያስባሉ፤ ያላወቁት አውሮፕላናቸውን ሜዳ ላይ ትተው በበቅሎ ተመልሰዋል ብንል ከእውነቱ ብዙም አንርቅም።

ነገሩን በአዘዞ እንየው። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ ዛሬ በአፄ ቴዎድሮስ ስም የሚጠራው፣ ከከተማው በስተ ደቡብ በዚያ ሜዳ ላይ ነው ያለው፤ ከፍታው ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል። የአውሮፕላን አምራቾች ሒሳባቸውን የሚሠሩት በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ሙቀት 2 ዲግሪ ነው ብለው ነው። የመጋቢት ከሰዓት በኋላ አዘዞ ላይ 28 ዲግሪ ቢሆን አየሩ ሲሞቅ ይበልጥ ስለሚሳሳ ክንፉ 2000 ሜትር ላይ ሳይሆን 3000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ከፍታ ላይ ያለ ያህል ይሰማዋል። የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። አየር በራሱ ትንፋሽ የሚስብ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከሩብ በላይ ያጣል፤ 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው 70 ቢሰጥ ነው። በዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው የሚያታልል ነገር አለ። የፍጥነት መቁጠሪያው የሚለካው የአየሩን ግፊት ስለሆነ መነሻ ፍጥነቱን እንደ ሁልጊዜው ያሳያል፤ ጎማው ግን መሬት ላይ ከዚያ በ15 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መሮጥ አለበት። በደከመ ሞተር የበለጠ መሮጥ ማለት ነው።

የብሪታንያ ሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣን ለግል አብራሪዎች ያዘጋጀው የአፈጻጸም መመሪያ ይህን ሁሉ በቀላል ማባዣ አስቀምጦታል። ለእያንዳንዱ 1000 ጫማ ከፍታ 10 በመቶ ጨምር። ከመደበኛው በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ሙቀት 10 በመቶ ጨምር። ለደረቅ ሣር 20 በመቶ፣ ለእርጥብ ሣር 30 በመቶ፣ ለቦካ መሬት 25 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ። ለ2 በመቶ ዳገት 10 በመቶ። ክብደት በ10 በመቶ ሲጨምር 20 በመቶ። ይህ ሁሉ አይደመርም፤ ይባዛል። በመጨረሻም ለሰው ድክመትና ላረጀ ሞተር በ1.33 አባዛ ይላል።

ባሕር ጠለል ላይ፣ ጠንካራ መሬት ላይ ተነሥቶ የ15 ሜትር ዛፍ ለማለፍ 500 ሜትር የሚበቃውን አንድ ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን እንውሰድ። አዘዞ ላይ፣ በመጋቢት ሙቀት፣ በደረቅ ሣር ሒሳቡ ከ1400 ሜትር ያልፋል፤ የጥንቃቄው ማባዣ ሲታከልበት 1900 ሜትር ይሆናል። አሁን ወደ ሐምሌ እንምጣ። ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ወርዷል፣ አየሩ ትንሽ ወፍሯል፣ ግን ሣሩ ርሷል፤ ውጤቱ ያው 1400 ገደማ ነው። በጋው በሙቀት የወሰደውን ክረምቱ በውኃ ይወስደዋል። ለስላሳው መሬት ሲጨመርበት ግን ክረምቱ ያሸንፋል፤ 1800 ሜትር፣ ከጥንቃቄው ጋር 2400። እነዚህ ቁጥሮች ለአንድ ትንሽ፣ አራት ሰው ለሚይዝ አውሮፕላን መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ቤጌምድር አውሮፕላንን መጀመሪያ ያወቀው ግን በማረፍም በመነሣትም አልነበረም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንችም ላይ፣ የቤጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከማዕከላዊው መንግሥት ጦር ጋር ሲዋጉ፣ አውሮፕላን ከላይ መጥቶ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ፤ የቀድሞ ባለቤታቸው ንግሥት ዘውዲቱ ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ። ከደብረ ታቦር የዘመተው ጦር ያየው አውሮፕላን ሜዳ የማይጠይቅ፣ ከየት እንደተነሣ የማይታወቅ ነገር ነበር። እኔን የሚገርመኝ ግን አውሮፕላኑ የተነሣበት ያ የማይታየው ሜዳ ነው። ቦምብ የጫነ ፖቴዝ ከደጋ ሣር ላይ መላቀቁ በራሱ ሥራ ነው፤ ሞተሩ 450 የፈረስ ጉልበት ስለነበረው ነው የሆነለት።

ጉልበቱ ያነሰ አውሮፕላን ደጋ ላይ ምን እንደሚገጥመው ለማየት ብዙ መጠበቅ አላስፈለገም። በ1923 ዓ.ም.፣ ጥቅምት 23 ቀን ሊከበር ከነበረው የንግሥ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ከኒው ዮርክ ሃርለም የመጣው አብራሪ ሁበርት ጁሊያን ለንጉሡ የተበረከተችውን አዲስ ጂፕሲ ሞዝ አስነሥቶ ከሰከሳት። ሰውየው ጉረኛ ስለነበር ታሪኩ እስከ ዛሬ እንደ ቀልድ ይነገራል፤ ከአገር እንዲወጣም ተደረገ። ቀልዱ ግን አንድ ነገር ይሸፍናል። ጂፕሲ ሞዝ በእንግሊዝ ሜዳ ላይ የተሠራች፣ 100 ገደማ የፈረስ ጉልበት ያላት ቀላል አውሮፕላን ናት። አዲስ አበባ ላይ የቀረላት ጉልበት ለስህተት ቦታ አይተውም ነበር፤ ከጁሊያን የተሻለ አብራሪም ቢሆን ይጨነቅባት ነበር።

ከዚያ በተቃራኒ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር አቃቂ ላይ ያሠራት «ፀሐይ» አለች። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ ጦርነቱ ተጀምሮ እያለ፣ በ115 የፈረስ ጉልበት ሞተር ከአቃቂ ሜዳ ተነሣች። ጣልያኖች ወስደዋት ኖራ በጥር 2016 ዓ.ም. ስትመለስ ሁሉም ያወራው ስለ ክብርና ስለ ቅርስ ነው፤ ይገባታልም። እኔ ግን ከሁሉ የሚደንቀኝ አቃቂ ከ2000 ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ከ115ቱ ጉልበት 90 ገደማ ብቻ ነበር የሚደርሳት። ዌበር ንድፉን ሲነድፍ የነበረበትን አየር ያውቅ ነበር፤ ከአውሮፓ የመጡት አውሮፕላኖች አያውቁትም።

በዚያው ዘመን የመጣ አንድ ስዊድናዊ ከሁሉም የበለጠ የደጋውን ሜዳ ተማረ። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ቀይ መስቀል ምልክት ያለባትን ሄንክል አምቡላንስ አውሮፕላን ይዞ ወደ ሰሜን ግንባር ተመላለሰ። የሚያርፈው ቁስለኛ ባለበት ሜዳ ነው፤ ሲነሣ ደግሞ ከመጣበት የበለጠ ክብደት ይዞ ነው። ይህ የአምቡላንስ በረራ መሠረታዊ ጣጣ ነው። ዕቃ አድራሽ አውሮፕላን ከብዶ ይመጣና ቀሎ ይነሣል፤ ቁስለኛ ጫኝ ግን ቀሎ መጥቶ ከብዶ ይነሣል። ሄንክሏ መጋቢት 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ኮረም ላይ መሬት እንዳለች በጣልያን አውሮፕላኖች ተመታች። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መጋቢት 23 ቀን፣ የጣልያኑ የስታራቼ ጦር ጎንደር ገባ።

ጣልያን ጎንደርን እንደያዘ አዘዞን የአየር ጦር ሜዳ አደረገው። ሜዳው ያለምክንያት አልተመረጠም። ከጎንደር በስተ ሰሜን መሬቱ ሽቅብ ወደ ወገራና ወደ ደባርቅ ይወጣል፤ ከጎንደር በስተ ደቡብ ግን ወደ ደንቢያና ወደ ጣና ይዘረጋል። የሚነሣ አውሮፕላን ሞተሩ ቢሰንፍበት ወደ ሐይቁ በኩል እየወረደ ፍጥነት ሊያጠራቅም ይችላል። ይህ መውጫ ያለው ሜዳ ነው።

በጎጃም በኩል ግን መውጫ የሌለው ሜዳ ታይቷል። በኅዳር 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሻለቃ ዊንጌት ከሱዳን በቪከርስ ቪንሰንት አውሮፕላን ተነሥቶ ከኮሎኔል ሳንድፎርድና ከአርበኞቹ ጋር ለመገናኘት ወደ ፋጉታ መጣ። ሰከላ አጠገብ፣ የዓባይ ምንጭ ባለበት ደጋ ላይ፣ በችኮላ የተጠረገ ሜዳ ላይ ወረደ። በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ይህ ስብሰባ ጣልያንን ከጎጃም የማስወጣቱ ዘመቻ መጠንሰሻ ሆኖ ይጠቀሳል። ለአብራሪው ግን ስብሰባው የሥራው ግማሽ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ከፍታ፣ ከዚያ ሜዳ፣ ዊንጌትን ጭኖ ከሁለት ቀን በኋላ መነሣት ነበረበት። ቪንሰንት ያረጀ፣ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን ነው። በፍጥነቱ የሚያስቀው ይህ ቅርጽ ነው እዚያ ያዳናቸው፤ ድርብ ክንፍ በዝግታ እየሮጠም ይሸከማል፣ ስለዚህ አጭር ሜዳ ይበቃዋል።

ጎንደር ላይም የመጨረሻዎቹ የጣልያን አውሮፕላኖች ድርብ ክንፎች ነበሩ። የጣልያኑ አዛዥ ጄኔራል ጉሊየልሞ ናሲ ተከቦ በነበረበት በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከአዘዞ ይነሡ የነበሩት ፊያት ሲ አር 42 ተዋጊዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጥቅምት 14 ቀን ኢልደብራንዶ ማላቮልታ የተባለው አብራሪ ከጎንደር ተነሥቶ በደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ግላዲያተር፣ እሱም ድርብ ክንፍ፣ ተመትቶ ወደቀ። በምሥራቅ አፍሪካ ሰማይ ላይ በአየር ውጊያ የወደቀ የመጨረሻው የጣልያን አውሮፕላን ሆነ። ደቡብ አፍሪካውያኑ በማግስቱ የጀግንነቱን ምስክርነት በወረቀት ጽፈው ለጣልያኖቹ ጣሉላቸው። ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በ1934 ዓ.ም. ሌላው ዓለም በአንድ ክንፍና በብረት አካል ሲዋጋ ጎንደር ላይ ድርብ ክንፎች የቀሩት ሁለቱም ወገኖች የተሻለ ስላልተላከላቸው ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቢሆንም ለተቦዳደሰ የሣር ሜዳና ለ2000 ሜትር አየር የከፋ ምርጫ አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ ሣሩ የሲቪል ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ አደረገ። ያስነሣቸው አውሮፕላኖች ከጦርነት የተረፉ ዳኮታዎች ነበሩ። ዳኮታ ለሣር የተፈጠረ ያህል ነው፦ ሁለት ሞተሮቹ እያንዳንዳቸው 1200 የፈረስ ጉልበት፣ ጎማዎቹ ትልልቅና ለስላሳ፣ ሦስተኛዋ ትንሽ ጎማ ጭራ ሥር ስለሆነች አፍንጫው ሽቅብ ቀና ያለ፣ ፕሮፔለሩ ከድንጋይና ከጭቃ የራቀ። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ደብረ ታቦር፣ መካነ ሰላም፣ ላሊበላ፣ አክሱም፦ በአገር ውስጥ በረራ ዝርዝር ላይ የተሰለፉት ስሞች አብዛኞቹ ሜዳዎች እንጂ ዛሬ በምናውቀው መልኩ አውሮፕላን ማረፊያዎች አልነበሩም። የላሊበላው ሜዳ ክረምት ሲገባ ይዘጋ ነበር፤ ቱሪስቱም ቄሱም መስከረምን ይጠብቁ ነበር።

የሣር ሜዳ በክረምት ለምን እንደሚዘጋ ለመረዳት አብራሪ መሆን አያስፈልግም፤ ገበሬ መሆን ይበቃል። የደንቢያና የአዘዞ ሜዳ ዋልካ ነው። በበጋ ይደርቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያበጃል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይጣበቃል። ዋልካ ላይ የሮጠ ጎማ ጭቃውን ጠቅልሎ ይዞ ከጎማው ሽፋን ሥር ይወትፈዋል፤ አውሮፕላኑ ፍሬን እንደተያዘ ሆኖ ይሮጣል። ቀይ አፈር ይሻላል፤ ውኃውን ቶሎ ያሰርጋል። ከሣሮች ሁሉ ደግሞ ሰርዶ የሚወዳደረው የለም። መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ ሥሩን ያጠላልፋል፣ ከብት በጋጠው ቁጥር ይበልጥ ይነጠፋል። ሙጃ የዋጠው ሜዳ ግን ከሩቅ ለምለም ይመስላል እንጂ ሥሩ ባዶ ነው፤ ቁመቱም ጎማውን ይጎትታል። በዚያ ላይ ፍልፈል አለ። ሌሊት የቆለለው አፈር ከአየር አይታይም፤ ጉድጓዱ ግን የአፍንጫ ጎማ ለመስበር ይበቃል።

እንግዲህ ጥሩ የሜዳ አብራሪ ከመነሣቱ በፊት የሚያደርገው ነገር እረኛ ሜዳውን እንደሚያውቀው ለማወቅ መሞከር ነው። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ይሄዳል። ተረከዙን ደጋግሞ ይረግጣል፤ ተረከዙ የሚሰምጥበት ቦታ ካለ ወይ ያልፈዋል ወይ ሜዳውን ከዚያ በኋላ ይጀምረዋል። ርዝመቱን በእርምጃ ይቆጥርና ግማሹ ላይ ምልክት ያቆማል፤ ድንጋይ ይሁን ጨርቅ ለውጥ የለውም። ከብቱን ማን እንደሚመልስ ከልጆቹ ጋር ይስማማል፤ ስምምነቱ ሞተር ከመነሣቱ በፊት መሆን አለበት፣ ምክንያቱም የሞተር ድምፅ የሰማ ጥጃ ወዴት እንደሚሮጥ አይታወቅም። ዛፉ፣ የስልክ ሽቦው፣ አዲስ የታጠረው አጥር የት እንዳለ ያያል። ነፋሱን ያያል። ከዚያ ክብደቱን ያስባል፦ ሙሉ ታንክ ነዳጅ የግድ ነው? ሁለት ተሳፋሪ ሁለት ጊዜ ቢመላለስስ? ደጋ ላይ ክብደት መቀነስ የፈረስ ጉልበት ከመግዛት ይረክሳል።

ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ነዳጁን ያቀጥነዋል። ባሕር ጠለል ላይ ልክ የሆነው የነዳጅና የአየር ቅልቅል አዘዞ ላይ ነዳጅ የበዛበት ስለሚሆን ሞተሩ ይታፈናል፤ ይህን ሳያደርጉ ሙሉ ኃይል ሰጠሁ ማለት ከቀረው 70 ላይ ሌላ መጣል ነው። ፍላፑን፣ ከክንፉ ኋላ የሚታጠፈውን ክፍል፣ በመጠኑ ያወርዳል። ሣር ላይ ቆሞ ሞተር ማስጮህ አይመከርም፤ ጎማው ይሰምጣል፣ ፕሮፔለሩም ጠጠር ይጎርሳል። ስለዚህ እየሄደ ገብቶ፣ ሳይቆም፣ መሪውን ወደ ሆዱ ስቦ ይሮጣል። የአፍንጫው ጎማ ቶሎ ከሣሩ ይላቀቃል፤ የሚጎትተው ነገር ቀነሰ። ክንፉ ክብደቱን እየተረከበ ሲሄድ ዋናዎቹም ጎማዎች እየቀለሉ ይመጣሉ፣ ከተለመደው ባነሰ ፍጥነት አውሮፕላኑ ከመሬት ይላቀቃል።

አደገኛዋ ቅጽበት ይህች ናት። ከመሬት አንድ የክንፍ ርዝመት በማይሞላ ከፍታ ውስጥ ክንፉ ከወትሮው ይቀልለዋል፤ ስለዚህ ገና መብረር የማይችል አውሮፕላን የበረረ ይመስላል። ተነሣሁ ብሎ አፍንጫውን ሽቅብ ያደረገ አብራሪ ከዚያ ወለል ሲወጣ ይወድቃል። ደህናው አብራሪ መሪውን ወደ ፊት ለቀቅ አድርጎ፣ ጎማው ሣሩን ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ ዝቅ ብሎ፣ ፍጥነት ያጠራቅማል። ዛፉ እየቀረበ ይህን ማድረግ ልብ ይጠይቃል። ግማሹ ላይ ያቆማት ምልክት የምትጠቅመውም ለዚህ ነው፦ እዚያ ሲደርስ ከመነሻ ፍጥነቱ 70 በመቶ ካልሞላ ኃይሉን ቀንሶ ይቆማል። ፍጥነት የሚያድገው ከርቀቱ ካሬ ሥር ጋር ስለሆነ በግማሽ ሜዳ 70 ያልሞላ በቀረው ግማሽ 100 አይሞላም።

የአምቡላንስ አብራሪው ፎን ሮዘን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ለአሥር ዓመት ያህል የኢትዮጵያ አየር ኃይልን በማደራጀትና በማሠልጠን ቆየ። በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እንደገና መጣ፤ ያን ጊዜ ያደረገው ነገር ከዚህ ሁሉ የሜዳ ጣጣ የተማረው ይመስለኛል። ትንንሽ ኤም ኤፍ አይ አውሮፕላኖችን ክንፍ ሥር እህል አንጠልጥሎ በዝቅታ እየበረረ ለተራቡ መንደሮች ጣለ። አላረፈም፤ ስለዚህም መነሣት አላስፈለገውም። ሰውየው ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ።

ሌሎችም ሜዳውን መሸሽ መረጡ። ፈንጣጣን ለማጥፋት በ1963 ዓ.ም. የተጀመረው ዘመቻ በእግርና በበቅሎ ሊደረስባቸው ያልቻሉ ቦታዎችን በሄሊኮፕተር ነበር የሚያዳርሰው፤ በአገራችን የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በ1977ቱ ረሀብ ደግሞ የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩሊሶች ከጥቅምት 1977 እስከ ታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. ድረስ ከፊሉን ጭነት በሜዳ ላይ እያረፉ፣ ሌላውን ደጋው ላይ በዝቅታ እየበረሩ ጆንያ በመጣል አደረሱ። ሄሊኮፕተርም ቢሆን ስስ አየር አይወድም፤ ዋጋውም ከባድ ነው። ነገር ግን ተረከዝ ረግጦ መሬት መፈተን አይፈልግም።

አየር መንገዱ በ1979 ዓ.ም. «እሸት» ብሎ የሰየማትን፣ ድርብ ክንፍ የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን እዚሁ አገር ገጣጥሞ አውጥቷል። የእርሻ አውሮፕላን በቀን ደጋግሞ የሚነሣው ከእርሻው ዳር ነው፤ በእያንዳንዱ መነሣት ላይ ሙሉ ጭነቱን ይይዛል። በእኔ እምነት ከሣር ስለ መነሣት በአገራችን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነዚህ አብራሪዎችና የአንበጣ መከላከያ አብራሪዎች ናቸው፤ መጽሐፍ የጻፈላቸው የለም እንጂ።

አስፋልት ሲመጣ ጭቃው አለቀ፤ ከፍታውና ሜዳው ላይ የሚኖሩት ፍጥረታት ግን አልሄዱም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲላቀቅ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ። አብራሪዎቹ ሊመልሱት ሞከሩ፤ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ ሜዳ ላይ በሆዱ ወርዶ ተቃጠለ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ጄት ነው፣ ሣርም አልነበረም። ግን አደጋው የተፈጠረው በመነሣት ላይ፣ ሜዳው ላይ ከሚውሉ ወፎች ነው፤ የድሮ ሜዳ ጠባቂ ከብቱንም ወፉንም ሳያባርር አውሮፕላን አያስነሣም ነበር።

አሁን የቀረው ጥያቄ ከጎንደር ወደ ሰሜን ነው። ጃን አሞራ፣ በየዳ፣ ጠለምት፦ ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ ሰዓታት የምትጓዝባቸው ቦታዎች አሉ። ለአምቡላንስ አውሮፕላን የሚሆን የሣር ሜዳ ደባርቅ አካባቢ ቢታሰብ ሒሳቡ ምን ይላል? ደባርቅ 2850 ሜትር ገደማ ነው። ያቺው 500 ሜትር የሚበቃት አውሮፕላን ጎህ ሲቀድ በ6 ዲግሪ፣ በደረቅ ሣር፣ 1600 ሜትር ትፈልጋለች፤ እኩለ ቀን ላይ በ18 ዲግሪ 1800። የጥንቃቄው ማባዣ ሲገባ ከ2100 እስከ 2400። በዚህ ከፍታ ማባዣው ራሱ ብዙም አያስተማምንም፤ ደካማ ሞተር ያለው አውሮፕላን ሜዳው የቱንም ያህል ቢረዝም ሽቅብ መውጣት ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ተርባይን ሞተር ያለው፣ ለአጭር ሜዳ የተሠራ፣ አየር መንገዱ ራሱ ሲያበረው እንደነበረው ትዊን ኦተር ዓይነት አውሮፕላን ይሻል።

ከደባርቅ ጋር በከፍታ የሚተካከል አንድ ሜዳ በዓለም ታውቋል፤ ኔፓል ውስጥ ያለው ሉክላ፣ 2845 ሜትር። ኤድመንድ ሂላሪ በ1957 ዓ.ም. ገደማ ሲያሠራው አፈሩን ለመጠቅጠቅ የአካባቢውን ሰዎች በእግር እየረገጡ እንዲጨፍሩ አደረጋቸው ይባላል። የኛ እስክስታ ሥራው ትከሻ ላይ ስለሆነ ለዚህ አይበጅም። ሜዳው እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ አስፋልት አልለበሰም ነበር፤ ርዝመቱም 527 ሜትር ብቻ ነው። የሚያስነሣው ቁልቁለቱ ነው፤ ወደ 12 በመቶ ያዘቀዝቃል፣ ጫፉ ላይ ገደል አለ። አውሮፕላን ሽቅብ እየሮጠ ያርፋል፣ ቁልቁል እየሮጠ ይነሣል፣ የጎደለውን ፍጥነት ገደሉ ውስጥ ይሞላዋል። ሌሶቶ ውስጥ ያለው ማቴካኔም 2300 ሜትር ላይ ሆኖ 400 ሜትር ብቻ ነው፤ እሱም ገደል ላይ ያበቃል።

ስሜን ገደል አያጣም። ነገር ግን የስሜን አምባ ያዘነበለው ወደ ተቃራኒው ነው፤ ከፍታው በሰሜኑ ገደል አፋፍ ላይ ነው፣ ከዚያ ወደ ደቡብ እየለዘበ ይወርዳል። ወደ ገደሉ የሚሮጥ አውሮፕላን ዳገት ይሮጣል፤ ቁልቁለቱን የመረጠ ደግሞ ገደሉን ለጀርባው ሰጥቶ ወደ መንደርና ወደ ባሕር ዛፍ ይሄዳል። ስለዚህ ሉክላን እዚህ መቅዳት አይሆንም። የሚሆነው ከአፋፉ ራቅ ብሎ፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ ወደ ደቡብ የሚወርድ፣ ዋልካ ያልሆነ፣ ሰርዶ የለበሰ የጋራ ግጦሽ ፈልጎ፣ በታችኛው ጫፍ ዛፍ እንዳይተከልበት ከቀበሌው ጋር መስማማትና መነሻውን በጠዋቱ ሰዓት ብቻ መወሰን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ዛፍ እንዳይተከል የሚለው ነው፤ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት 15 ሜትር ያልፋል፣ ለገበሬውም ከአውሮፕላኑ ይልቅ እሱ ነው ገንዘብ የሚያመጣለት።